ፖስታ ቤቱ ይታደስ ማለት ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ፖስትኖርድ የተባለው ድርጅት ዲሴምበር 30 ቀን 2025 ዴንማርክ ውስጥ የመጨረሻ ደብዳቤውን አደለና ደብዳቤ የማደሉን ሥራ አቆመ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አገልግሎቱ 400 ዓመት የቆየ ነበር። መንገድ ዳር የቆሙትን 1,500 ቀይ የፖስታ ሳጥኖች መንቀል የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ዜናው እንደወጣ ሰዉ ሁሉ ተቀባብሎ አንድ ነገር አለ፦ ደብዳቤ ሞተ፣ ፖስታ ቤትም አብሮት ተቀበረ።

እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ ከዚያ አራት ወር በፊት የሆነው ነው። ኦገስት 29 ቀን 2025 አሜሪካ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ትፈቅድ የነበረውን ነገር ለሁሉም አገር ሰረዘች። በዚያ ቀን ወደ አሜሪካ የሄደው የፖስታ ጭነት ከሳምንት በፊት ከነበረው በ81 በመቶ ወደቀ። 88 የፖስታ ድርጅቶች አገልግሎታቸውን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ አቆሙ። ቁጥሮቹን ያወጣው ከ1874 ጀምሮ ያለውና መቀመጫውን በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ያደረገው የዓለም የፖስታ ኅብረት ነው። ሞቷል የተባለ ነገር ለጥቂት ቀን ቢቆም ማን ልብ ይለዋል? ያኔ ግን በየአገሩ በእጁ የሠራውን ጌጥና ቦርሳ በትንሽ ጥቅል የሚልከው ሰው ሁሉ መያዣ መጨበጫው ጠፋው። በትልልቅ የግል ኩባንያዎች ልኮ ማትረፍ የማይችለው እሱ ነዋ።

እና ፖስታ ቤት አሁንም የሚፈለግ ነገር ነው። በታዳጊ አገሮች ደግሞ ይበልጥ። ታዲያ ለምንድነው ማሻሻያ፣ ለውጥ፣ ሪፎርም እየተባለ በየአሥር ዓመቱ አዲስ ሰነድ የሚወጣው፣ አዲስ አርማ የሚለጠፈው፣ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተመልሶ እዚያው የሚቀመጠው? ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ኮምፒውተር ስለሌለ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ለእኔ ግን ትልቁ ችግር ቀላልና አሳፋሪ ነው። መንግሥት ፖስታ ቤቱን ያዝዘዋል፣ አይከፍለውም። ይህ ሳይፈታ የሚደረግ እድሳት ቀለም መቀባት ነው።

ከየት እንደመጣ እንይ።

የዴንማርኩ ታሪክ እንዳለ ተገልብጦ ለሌላው አይሆንም። እዚያ ደብዳቤ የቀረው ባንኩም ማዘጋጃ ቤቱም የሚጽፈውን በኢንተርኔት መላክ ስለጀመረ ነው። በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ግን ደብዳቤ መጀመሪያውኑም አይጎርፍም ነበር። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ፖስተኛ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ሰዉ ነው ወደ ፖስታ ሳጥኑ የሚሄደው። ሳጥኑም የትምህርት ቤት ነው፣ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ካልሆነም የአጎት ነው። ፖስታ ቤቶቹ የተተከሉት ባቡርና አስተዳደር በደረሰበት መስመር ላይ ነው። ይህ ሥራ ብቻውን ራሱን ችሎ አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ኖረ? ቴሌ እየደጎመው። በብዙ አገሮች ፖስታና ስልክ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ። ስልኩ ያተርፋል፣ ፖስታው ይበላል፣ ሒሳቡ አንድ ላይ ስለሚታይ ማንም አይጠይቅም። ከዚያ በ1990ዎቹ ቴሌን ለብቻው አውጥቶ መሸጥ ፋሽን ሆነ። ኬንያ በ1999 የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቷን ለሦስት ከፈለችው፦ አንድ የስልክ ኩባንያ፣ አንድ የፖስታ ኮርፖሬሽን፣ አንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት። ሌሎችም በተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። ባልና ሚስት ሲፋቱ ንብረት ይካፈላሉ፤ እዚህ ግን ቴሌ የሚያተርፈውን ሥራ ይዞ ወጣና ፖስታ አሮጌ ሕንፃዎቹን፣ ብዙ ሠራተኛና የጡረታ ዕዳ ታቅፎ ቀረ። "በል እንግዲህ፣ አሁን ነጋዴ ነህ፣ አትርፍ" ተባለ። በዚያው አፍ ደግሞ "በየገጠሩ ያለውን መስኮት እንዳትዘጋ፣ የቴምብሩንም ዋጋ እንዳትጨምር" ተባለ።

ይህን ግዴታ የፖስታ ሰዎች በቋንቋቸው "ሁሉን አቀፍ አገልግሎት" ይሉታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዜጋው የትም ይኑር የት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ መላክና መቀበል መቻል አለበት ይላል። ችግሩ ወጪው ላይ ነው። ይህን ወጪ ለመሸፈን ሕጎች በአብዛኛው የሚያስቀምጡት መላ ፖስታ ቤቱ ቀላል ደብዳቤዎችን በብቸኝነት እንዲይዝ መፍቀድ ነው። ድሮ ይህ ወርቅ ነበር። ዛሬ እየከሰመ ያለ ሥራን በብቸኝነት መያዝ ምን ያደርጋል? ደግሞስ ማን ያከብረዋል? የአውቶቡስ ሾፌሩ ዶክመንቱን ተቀብሎ፣ ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ፣ ማታውኑ ያደርሳል። ሕጉን ጠቅሶ ሾፌሩን የሚከስ ፖስታ ቤት አላየሁም፤ ቢከስም ሕዝቡ ከሾፌሩ ጎን ነው የሚቆመው።

ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ታዋቂው የፖስታ ማሻሻያ ራሱ የተነሳው ከዚሁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1840 ድረስ የደብዳቤውን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ዋጋው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል፣ ውድም ነው። ሰው ታዲያ መላ አያጣም። ላኪው ከደብዳቤው ውጭ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ተቀባዩ ምልክቱን አይቶ ደህና መሆናቸውን ካወቀ በኋላ "አልፈልግም፣ መልሰው" ይላል። ፖስታ ቤቱ ያን ሁሉ መንገድ በነፃ ተጉዟል ማለት ነው። ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው በ1837 ሒሳቡን ሠርቶ አሳየ። ትልቁ ወጪ ደብዳቤውን ማጓጓዙ ሳይሆን መመዝገቡ፣ ዋጋ ማስላቱና ገንዘብ መሰብሰቡ ነው አለ። መፍትሔው ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፣ ዋጋውም ለየትኛውም ርቀት አንድ ይሁን የሚል ነበር። በ1840 ያ ባለ አንድ ፔኒ ጥቁር ቴምብር ወጣ። የደብዳቤው ብዛት በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ሰው የማያወራው ክፍል ግን ይሄ ነው። ደብዳቤው ቢበዛም የፖስታ ቤቱ የተጣራ ገቢ ክፉኛ ወረደ። ወደ ድሮው ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጉድለቱን የተሸከመው የመንግሥት ካዝና ነው። ማሻሻያውን ያዘዘ ክፍል ወጪውንም ቻለ። ዛሬ ሂልን እያነሱ ንግግር የሚያደርጉ ባለሥልጣናት ይህችን ገጽ ይዘሏታል።

ሳይከፍሉ ማዘዝ ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። የአገሪቱ ፖስታ ቤት እስከ 1 ኪሎ ግራም ያለውን ፖስታ በብቸኝነት እንዲያደርስ በሕግ መብት አለው፤ የግል ኩባንያዎች ግን ሥራውን ከያዙት ቆይተዋል፣ ነገሩም በተቆጣጣሪውና በፍርድ ቤት ሲጓተት ነው የኖረው። በ2018 መንግሥት የድጎማ ገንዘብ ለአረጋውያንና ለችግረኞች የማደሉን ሥራ ለፖስታ ቤቱ ሰጠው። ትልቅ ሥራ ነበር፣ በየወሩ ሚሊዮኖች ይሰለፉ ነበር። ቢሆንም ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ አልተገኘም። ያልተከፈለው የቤት ኪራይ ተጠራቅሞ አከራዮች ቅርንጫፎቹን መቆለፍ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2023 ድርጅቱ በፍርድ ቤት ጊዜያዊ የመፍረስ ትእዛዝ ወጣበት፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ ከመፍረስ ተርፎ በሞግዚት ሥር ገባ። ቀጥሎ ከ4 ሺህ በላይ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ተዘጉ። ሁሉን አቀፉ አገልግሎት ግን ዛሬም ሕጉ ላይ ተጽፎ አለ።

"እንግዲያው ለግል ሽጡትና ገላግሉን" የሚል ሰው አይጠፋም። አርጀንቲና ይህን ሞክራዋለች። በ1997 ፖስታውን ለ30 ዓመት ለፍራንኮ ማክሪ የንግድ ቡድን ሰጠች። ቡድኑ በየጊዜው ለመንግሥት ክፍያ ሊፈጽም ተስማማ፤ በ1999 ግን መክፈሉን አቆመ፣ በ2001 ከዕዳ ጥበቃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት ገባ፣ በ2003 ፕሬዚዳንት ኔስቶር ኪርሽነር ፖስታውን መልሰው ወሰዱት። ነገሩ በዚያም አላበቃም። ልጅየው ማውሪሲዮ ማክሪ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ በ2017 ይሄው የአባት ዕዳ ተቆፍሮ ወጣና የፖለቲካ ራስ ምታት ሆነበት። ብራዚልም ለመሸጥ ተነስታ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ በ2021 አጸደቀው፣ ሴኔቱ ላይ ተኝቶ ቀረ፣ በ2023 አዲሱ መንግሥት ከሚሸጡት ዝርዝር አወጣው።

ግል መሆን በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ገዢው ሰው ግን የሚገዛው ዋና ከተማዎቹን ነው። ከዋና መንገድ የራቀውን መስኮት ማን ይሸከመው የሚለው ጥያቄ ከሽያጩም በኋላ እዚያው ተገትሮ ይጠብቃል።

አሁን ትንሽ ወደ ታች እንውረድና አንድ ጥቅል እንከተል። ማሻሻያ የሚባለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚህ ነውና።

ጥቅሉ ላይ የተለጠፈችውን ባርኮድ ልብ ብለህ አይተሃት ታውቃለህ? ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ ቁጥሮች፣ እንደገና ሁለት ፊደላት። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የአገልግሎቱን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ የላኪውን አገር ይናገራሉ። ከዘጠኙ ቁጥሮች ስምንቱ ተራ ቁጥር ናቸው። ዘጠነኛው ዘበኛ ነው። 47312482 የሚለውን ውሰድ። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 አባዛቸው፣ ከዚያ ደምራቸው። 200 ይመጣል። ለ11 ስታካፍለው 2 ይተርፋል። 2ን ከ11 ቀንስ፣ 9 ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሩ 473124829 ይሆናል። ሠራተኛው አንዷን ቁጥር ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው አይገጥምም፣ ኮምፒውተሩም "አልቀበልም" ይላል። ከየትኛውም አገር ተነስቶ የትም ቢሄድ ያው ነው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ከፖስታ ሰዎች መምጣቱ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ብልኃቷ የምትሠራው ግን ቁጥሩን በጊዜው ስካን የሚያደርግ ሰው ካለ ነው። በትንሽ ከተማ መስኮት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዝገብ ላይ ትጽፈዋለች። ደረሰኝ ላይ ትደግመዋለች። ከጥቅሉ ጋር በሚሄደው ዝርዝር ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ። ስካን የሚደረገው ዋና ከተማ ሲደርስ ነው፣ እሱም መኪና ሲሞላ ተጭኖ፣ ምናልባት ከአምስት ቀን በኋላ። ላኪው ስልኩ ላይ ቁጥሩን እየደጋገመ ሲፈልግ "አልተገኘም" ይለዋል። በእሱ ቤት ጥቅሉ ጠፍቷል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማስበው።

ይህ ከመናደድ ያለፈ ጣጣ አለው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በፖስታ ኅብረቱ ደንብ መሠረት ዕቃ ያለበት ጥቅል ድንበር ሲሻገር መረጃው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ቀድሞት መድረስ አለበት። ላኪ ማነው፣ ተቀባይ ማነው፣ ውስጡ ምንድነው፣ ዋጋው ስንት ነው። ድሮ "ስጦታ" ወይም "የተለያዩ ዕቃዎች" ብሎ በእጅ ጽፎ መለጠፍ ያልፍ ነበር። ዛሬ የሚቀበለው አገር ጉምሩክ ያግደዋል ወይም ይመልሰዋል። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር የፖስታ ኅብረቱ ራሱ አዘጋጅቶ ለአባል አገሮች ያቀርባል። እና የጎደለው ሶፍትዌሩ አይደለም። የጎደለው ያቺ መስኮት ላይ የማይቆራረጥ መስመር፣ አንድ ስካነር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ፣ እና ሠራተኛዋ ፎርሙን እንዴት እንደምትሞላ የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። የ2025ቱ የአሜሪካ ውሳኔ ደግሞ ቀረጡ አስቀድሞ ተሰልቶ ተከፍሎ ይምጣ የሚል ሌላ ሸክም ጨመረበት። በእስክሪብቶ የሚሠራ መስኮት ይህን ከየት ያመጣዋል?

ስካን የገንዘብም ጉዳይ ነው። ከ1874 እስከ 1969 ድረስ በአገሮች መካከል የነበረው ደንብ እያንዳንዱ ለላከው የሰበሰበውን ለራሱ ያስቀር የሚል ነበር። ደብዳቤ የተላከለት ሰው መልስ ይጽፋል፣ ስለዚህ ይቻቻላል ተብሎ ታሰበ። ሲታይ ግን አንዳንዱ አገር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ከዚያ ወዲህ ላኪው አገር ለሚያድለው አገር የመድረሻ ክፍያ ይከፍላል። አሜሪካ በ2018 ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ አገር ያተራመሰችው በዚሁ ክፍያ ነበር፤ ከቻይና የሚመጣው ትንሽ ጥቅል በርካሽ ይደርሳል ብላ። በሴፕቴምበር 2019 ጄኔቫ ላይ በተደረገ ልዩ ጉባኤ መካከለኛ መንገድ ተገኘና ቀረች። ለታዳጊ አገሮች ይህ ክፍያ በዶላር የሚገባ ገንዘብ ነው። የተወሰነው ክፍል ታዲያ ከአገልግሎቱ ጥራት ጋር ይያያዛል። በፈጣን መልእክት ላይማ ስካን ያልተደረገ ዕቃ እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው። ፖስተኛው ዝናብ ውስጥ ሄዶ፣ ሰውየውን አግኝቶ፣ አስፈርሞ፣ ዕቃውን ያስረክባል፤ ማታ መረጃውን የሚያስገባ ስለሌለ ድርጅቱ ክፍያው ይቀነስበታል። የአንድ ስካነር ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ለማንም የሒሳብ ሹም አይከብድም።

አድራሻ የሚባለው ነገርም ብዙ ይወራበታል። ሞንጎሊያ በ2016 ዓለምን ባለ 3 ሜትር በ3 ሜትር ካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት ቃል የሚሰጠውን ዘዴ ለፖስታዋ ወሰደች፤ ከብቱን ተከትሎ ለሚዘዋወር ሕዝብ ብልኅ ነገር ነው። ጋና በ2017 የራሷን ዲጂታል አድራሻ በፖስታ ቤቷ ስም አወጣች። ኬንያ ውስጥ ደግሞ የሞባይል ቁጥርን የፖስታ አድራሻ የሚያደርግ አገልግሎት መጣ። እኔን ብትጠይቁኝ የመጨረሻው ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰው ስልክ ቁጥሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ኮዱ የፈለገውን ያህል ቢረቅ አድራሹ ሰውዬ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው መደወል ነው። ስልኩ ዝግ ከሆነ ያ ቀን ጠፋ። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰስ ሰዉ ራሱ መጥቶ የሚወስድበትን ቦታ ማብዛት ይቀላል። መስኮት ደግሞ ፖስታ ቤት አለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ተስፋም ጣጣም ያለው እዚህ ነው።

ሐዋላ የፖስታ ቤት ሥራ ነበር። ከተማ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በፖስታ መስኮት ነበር። በማርች 2007 ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ ሲጀመር ያ ሥራ በዓይናቸው ፊት ሄደ፤ ያውም ወደ ስልክ ኩባንያ፣ ወደዚያው ወደ ተፋታው ወገን። ቀድመው የነቁም አሉ። የቱኒዚያ ፖስታ በ2000 ኢ-ዲናር የተባለ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጥቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ያሰበ ባንክ እንኳ ብዙ አልነበረም። ሞሮኮ በ2010 የፖስታ ድርጅቷን አክሲዮን ማኅበር አድርጋ የባንክ ፈቃድ ያለው ልጅ ድርጅት አስወለደችው። ህንድ በሴፕቴምበር 2018 የፖስታ ክፍያ ባንክ ከፈተች፤ ዛሬ ፖስተኛው ስማርት ስልክና የጣት አሻራ ማንበቢያ ይዞ ቤት ድረስ ሄዶ ገንዘብ ያወጣል፣ ያስገባል።

ብራዚል ሌላ መንገድ ሄደች። የራሷን ባንክ ከማቋቋም መስኮቱን ለጨረታ አቀረበችው። አንድ ትልቅ የግል ባንክ አሸነፈና በ2002 ባንኮ ፖስታል ተጀመረ። ባንክ አይተው የማያውቁ ከተሞች በአንድ ጊዜ የሒሳብ ደብተር ያዙ። በ2012 ደግሞ ሌላ ባንክ ጨረታውን ወሰደ። ማለፊያ ነገር ነው፣ ባንኩ ይከፍላል፣ ፖስታ ቤቱ ኮሚሽን ይበላል፣ ሕዝቡ ይጠቀማል። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሌባም ተከትሎ ገባ። ትንንሽ ቅርንጫፎች በመሣሪያ መዘረፍ ጀመሩ። ፍርድ ቤቶች የታጠቀ ጥበቃ አቁሙ አሉ። የጥበቃው ወጪ ከኮሚሽኑ በለጠ፣ በ2017 ድርጅቱ በብዙ ቅርንጫፎች አገልግሎቱን ለማቋረጥ ተነሳ።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። "የፖስታ ባንክ" የሚል ሐሳብ ወረቀት ላይ በጣም ያምራል፤ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ስንት ብር አለ የሚለው ነው። በድጎማ ቀን 60 ሰው ተሰልፎ ገንዘቡ 20ኛው ሰው ላይ ቢያልቅስ? የቀሩት 40 ሰዎች ሁለተኛ አይመለሱም። ገንዘብ የሚያመላልስ መኪና፣ ካዝና፣ መድን፣ ጥበቃ፣ ይህ ሁሉ በዕቅዱ ውስጥ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱ ውስጥ የማየው የሞባይል አፕሊኬሽን ነው።

የመንግሥት ጉዳይ ማስፈጸሚያ ማድረጉ ይቀላል። ኬንያ የአገልግሎት ማዕከሎቿን በፖስታ ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ከፈተች። ህንድ ከ2017 ጀምሮ የፓስፖርት ማመልከቻ በፖስታ ቤት መቀበል ጀመረች። ሰዉ መታወቂያና ፓስፖርት ፍለጋ ዋና ከተማ ድረስ አይጉላላም። እዚህም ግን ያቺ የድሮ ጥያቄ ትመጣለች። ሥራውን የሰጠው መሥሪያ ቤት በአንድ ማመልከቻ ስንት ይከፍላል? "ሁለታችንም መንግሥት ነን እኮ" ከተባለ ነገሩ አበቃ።

ህንድን ደጋግሜ ያነሳሁት መረቡ ስለሚገርመኝ ነው። ከ150 ሺህ በላይ ፖስታ ቤቶች አሏት፤ በዓለም ትልቁ ነው፤ ከ10ሩ 9ኙ ገጠር ውስጥ ናቸው። እንዴት ቻለችው? ገጠሩ ላይ ያሉት ባብዛኛው ሙሉ ቀን የሚሠሩ ቢሮዎች አይደሉም። የመንደሩ ነዋሪ የሆነ ሰው በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ይሠራል፣ ክፍሉንም ራሱ ነው የሚያቀርበው። ከራሱ ቤት አንዱን ክፍል፣ ወይም መንደሩ መሃል የተከራየውን። ጠረጴዛ፣ ማህተም፣ ሚዛን፣ አሁን ደግሞ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ። ርካሽ ነው። ያለ ቅሬታ ግን አይደለም፤ እነዚህ ሠራተኞች እንደ ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ አይቆጠሩም፣ ለደሞዝና ለጡረታ ስንት ጊዜ አድማ መትተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖም የህንድ ፖስታ ከሚያስገባው በላይ ነው የሚያወጣው። ልዩነቱ ጉድለቱ በየዓመቱ በጀት ላይ በግልጽ መጻፉ ነው። ምክር ቤቱ ያየዋል፣ ይጨቃጨቅበታል፣ ይከፍለዋል።

ሌላው አገር ይህን ማድረግ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ብዙ ጥናትም አይጠይቅም። አንድ ራቅ ያለ መስኮት ውሰድ። ኪራዩን ጻፍ። የሠራተኛዋን ደሞዝ፣ ወይም ግማሽ ቀን ከሆነ ግማሹን። የመብራቱን፣ የኢንተርኔቱን፣ ጥቅል የሚያመላልሰውን መኪና ድርሻ። ከዚያ የምታስገባውን ቀንስ፦ ከጥቅል፣ ከሳጥን ኪራይ፣ ከሐዋላ ኮሚሽን፣ ከድጎማ ክፍያ። የሚቀረው ቁጥር የዚያ መስኮት ዋጋ ነው። እንዲህ እያልክ ሁሉንም አስላና በዝርዝር ለገንዘብ ሚኒስቴር አቅርብ። ሚኒስቴሩ ደግሞ በልዋጩ ይጠይቅ፦ ጥቅሉ በስንት ቀን ደረሰ፣ መስኮቱ በሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ስካኑ በዚያው ቀን ተደርጓል ወይ። ያልሠራ አይከፈለው። የሦስት ዓመት ውል ይሁን፣ በየዓመቱ መለመን እንዳይሆን። አክሲዮን ማኅበር ይሁን፣ ባንክ ይጨመር፣ የግል ሸሪክ ይግባ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያኔ የሚገባውም ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ሚኒስቴሩ "ይህን ሁሉ አልከፍልም" ሊል ይችላል። መብቱ ነው። እንግዲያው የትኞቹ 30 ወይም 40 መስኮቶች እንደሚዘጉ መርጦ ይፈርም፣ የአካባቢው ሰውም ማን እንደፈረመ ይወቅ። ዛሬ የሚሆነው ግን እንዲህ አይደለም። የሚፈርም የለም። መስኮቱ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ መክፈት ያቆማል። ቀጥሎ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ይሆናል። ሚዛኑ ይበላሻል፣ የሚጠግነው አይመጣም። ከዚያ ሠራተኛዋ ጡረታ ትወጣለች፣ በምትኳ ሰው አይቀጠርም፣ ቁልፉም እሷው ቤት ይቀራል።